ለተሳቢ የሚገዛ ያገለገለ መኪና ጋንቾው ይመርመር
የዝናቡ ወራት ሳይገባ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ቀበሌ ማድረስ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየዓመቱ ራስ የሚያዞር ጉዳይ መሆኑ የታወቀ ነው። የጭነት መኪና ተራ ከመጠበቅ ይልቅ ያገለገለ ላንድክሩዘር በጨረታ ገዝቶ፣ ከኋላው ተሳቢ ቀጥሎ ማጓጓዝ ይሻላል የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም። ገንዘቡ ግን የአባላት መዋጮ ነው። በቁልቁለት ላይ የተፈታ ተሳቢም ይዞ የሚሄደው ማዳበሪያውን ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚጓዘውን ሰውና ከብት ጭምር ነው።

በመሆኑም መኪናው ከመገዛቱ በፊት ሞተሩና ካምቢዮው ብቻ ሳይሆኑ ጋንቾው፣ ማለትም ተሳቢው የሚያያዝበት ብረት፣ መመርመር ይኖርበታል። ጋንቾ በእርሻ ቋንቋ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር እንደሚያስረው ምራን ነው። በሬዎቹ የቱንም ያህል ቢበረቱ ምራኑ ከተበጠሰ እርሻው ይቆማል።

ጋንቾው ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የመጣ፣ ወይም በሌላ ኩባንያ ተሠርቶ በኋላ የተገጠመ፣ ወይም በአካባቢ ጋራዥ የተበየደ ሊሆን ይችላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ኦሪጂናል ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ያበቃል። ይህ ግን የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው።

የፋብሪካው ጋንቾ ብልጫው ለዚያው መኪና ታስቦ መሠራቱና በሻንሲው ላይ አስቀድሞ በተዘጋጁ ቀዳዳዎች በቡሎን መታሰሩ ነው። ይሁን እንጂ ያገለገለ መኪና ያገለገለ ጋንቾ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ስንት ኩንታል ሲጎትት እንደኖረ የሚመሰክር ሰው አይገኝም። ዝገቱ ተፍቆ፣ ስንጥቅና መጣመም እንዳለ መታየት አለበት። ኳሱም ይለካ። የአውሮፓው ኳስ አዲስ ሳለ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ተበልቶ 49 ከደረሰ ይለወጣል። የአሜሪካው ሁለት ኢንች፣ ይኸውም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለአሜሪካው ኳስ የተሠራ መያዣ በተበላ የአውሮፓ ኳስ ላይ ሲገባ ይላላል፤ ጉድጓድ በበዛበት መንገድም ዘሎ ሊወጣ ይችላል።

በሌላ ኩባንያ የተሠራው ለመኪናው ሞዴል ተለይቶ የተዘጋጀ፣ በፋብሪካው ቀዳዳዎች የሚገጠምና የሚችለው ክብደት በላዩ የተጻፈበት ከሆነ ከኦሪጂናሉ የሚያንስበት ምክንያት የለም። እንዲያውም አዲሱ ከዛገው ኦሪጂናል ይመረጣል።

አሳሳቢው በጋራዥ የሚበየደው ነው። በያጁ «ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ዝሆን ቢጎትተው አይነቀልም» ይላል። አልዋሸም ይሆናል፤ ብየዳው ራሱ ላይነቀል ይችላል። የተበየደው ከፓራውልቱ ጋር ከሆነ ግን ፓራውልት ግጭትን ለመመከት እንጂ ሸክም ለመጎተት አልተሠራም። በሻንሲው ላይ በቀጥታ መበየድም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሙቀቱ በብየዳው ዳር ያለውን ብረት ባሕርይ ስለሚለውጥ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ይህ የበያጆችን ሙያ ለመንቀፍ አይደለም፤ ተሳቢውን ራሱን አሳምረው የሚሠሩ እነርሱ ናቸው። ሊቀመንበሩ አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው ጋንቾው በሁለቱም የሻንሲ ክንዶች ላይ በቡሎን እንዲታሰር ነው። የቡሎኑ ራስም ይነበብ፤ 8.8 የተጻፈበት ቡሎን 4.6 ከተጻፈበት እጥፍ የሚሆን የመሳብ ኃይል ይችላል። ምንም ያልተጻፈበት ለበር ማጠፊያ ይሁን። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ግን ጋንቾ የመኪናውን አቅም የማይጨምር መሆኑ ነው። በአውስትራሊያ ለሚሸጠው ላንድክሩዘር 70 የተፈቀደው ፍሬን ላለው ተሳቢ 3,500 ኪሎ ሲሆን፣ ፍሬን ለሌለው ግን 750 ኪሎ ብቻ ነው። ሌላ ሞዴል ሌላ ቁጥር ስላለው የመኪናው መጽሐፍ ይታይ። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ራሱ 250 ኪሎ ይመዝናል ቢባል የሚቀረው 500 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው ማዳበሪያ አሥር ከረጢት ነው። ሃያ ኩንታል ጭኖ ዳገት የወጣ ሾፌር ሞተሩን ሊያመሰግን ይችላል፤ ሲወርድ ግን ያንን ሁሉ የሚይዘው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነው።

አጫጫኑም ቢሆን በግምት መሆን የለበትም። ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ በጋንቾው ላይ ማረፍ ይገባዋል፤ ለ700 ኪሎ 70 ኪሎ መሆኑ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ የመኪናውን ጀርባ ያነሣዋል፤ ተሳቢውም ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ይህን ለማወቅ ከማኅበሩ መጋዘን የእህል ሚዛን ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የተጫነውን ተሳቢ በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ አግዶ፣ አንገቱን በጋንቾው ከፍታ ልክ በሚዛኑ ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

የኋላ መብራቱና ፍሬቻው ከመኪናው ጋር መገናኘቱ ይረጋገጥ። ሁለት ሰንሰለት ደግሞ በተሳቢው አንገት ሥር ተጠላልፎ ይታሰር። የሚታሰረውም ከሻንሲው ጋር ነው እንጂ ከኳሱ ጋር አይደለም፤ ኳሱ ከተነቀለ ሰንሰለቱም አብሮት ይሄዳልና። መሬት እስኪነካ አይርዘም፤ መታጠፊያ ላይ እስኪወጠርም አይጠር።