አሥር ግራም የት ይለጠፍ?

ከሱቅ የሚገዛ የቴኒስ ራኬት የተሠራው ለአማካይ ተጫዋች ነው፤ አማካይ ተጫዋች ግን በየትኛውም ሜዳ አይገኝም። ስለዚህም ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ራኬታቸውን እንደ ልብስ በልካቸው ያስተካክላሉ። ዋናው መሣሪያቸው በአንድ ገጹ ሙጫ ያለው ስስ የእርሳስ ጥብጣብ ነው (ብረቱን ማለታችን ነው፤ መርዛማ ስለሆነም ከለጠፉ በኋላ እጅን መታጠብ ይገባል)። ዓለም አቀፉ ደንብ የራኬትን ርዝመትና ስፋት እንጂ ክብደቱን ስለማይገድብ ድርጊቱ የተፈቀደ ነው።

ብዙ ሰው “ራኬቱ ስንት ግራም ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ፊዚክስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን ክብደቱ የት ላይ እንዳለ ነው። አንድ አካል መሽከርከርን የሚቃወምበት መጠን፣ ማለትም የመሽከርከር ኢነርሺያው፣ በመጠነ ቁሱ ብቻ ሳይሆን ከዘንጉ ባለው ርቀት ካሬም ይወሰናል። ለራኬት ዘንጉን ከእጀታው ጫፍ 10 ሳ.ሜ. ላይ አድርጎ መለካት የተለመደ ነው።

እስቲ እናስላ። 300 ግራም የሚመዝን፣ ኢነርሺያውም 320 ኪሎ ግራም-ሳንቲ ሜትር ካሬ የሆነ ራኬት እንውሰድ። ከዘንጉ 58 ሳ.ሜ. በሚርቀው የራሱ ጫፍ ላይ 10 ግራም እርሳስ ብንለጥፍ 0.01 × 58 × 58፣ ማለትም 33.6 ይጨመርበታል። ክብደቱ በ3 ከመቶ ገደማ ሲያድግ ኢነርሺያው ከ10 ከመቶ በላይ አደገ ማለት ነው። ያንኑ 10 ግራም በእጀታው፣ ልክ በዘንጉ ላይ ብንለጥፈው ኢነርሺያው ከነበረበት ፈቀቅ አይልም ማለት ይቻላል። ሚዛን ሁለቱን ራኬቶች አይለያቸውም፤ ክንድ ግን ወዲያው ይለያቸዋል።

ኳስ ከራኬቱ መሐል ወጣ ብላ ስታርፍ ራኬቱ በእጅ ውስጥ ይጠማዘዛል። እርሳሱን በግራና በቀኝ ጎን አምስት አምስት ግራም አድርጎ መለጠፍ ይህንን ጥምዘዛ ይቀንሳል። ኳሷን ዘወትር መሐል ላይ ለማያገኝ ጀማሪ በእኛ አስተያየት ከጫፉ ይልቅ ጎኑ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2002 ድረስ 14 የግራንድ ስላም ዋንጫዎችን ያነሣው ፒት ሳምፕራስ በእርሳስ የከበደ፣ ክሩም እጅግ የተወጠረ ራኬት ይጠቀም ነበር። ይህን አይቶ የሚኮርጅ የ16 ዓመት ልጅ ራኬቱን በጊዜ ማድረስ ያቅተዋል፤ ትከሻውም ይዝላል። እጅግ የቀለለ ራኬትም በበኩሉ ከኳሷ ጋር ሲጋጭ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ንረቱን ለክንድ ያስተላልፋል።

ስለ ክሩም አንድ ነገር እንበል። የተወጠረ ክር ኳስን ያፈጥናል የሚለው እምነት የተሳሳተ ነው። በደንቡ መሠረት ከ254 ሳ.ሜ. ከፍታ በጠንካራ ወለል ላይ የምትለቀቅ መደበኛ ኳስ ከ135 እስከ 147 ሳ.ሜ. ብቻ ትነጥራለች፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋ አቅሟን ታባክናለች። ክር ግን የተቀበለውን አብዛኛውን ይመልሳል። ላላ ያለ ክር ይበልጥ ስለሚለጠጥ ኳሷ እምብዛም አትጨፈለቅም፤ በመጠኑም ቢሆን ፈጥና ትወጣለች። የተወጠረ ክር የሚመረጠው ኳሷን ወደታሰበበት ለመምራት ነው።

ተማሪዎች ኢነርሺያውን ራሳቸው ሊለኩት ይችላሉ። ራኬቱን በተጠቀሰው ዘንግ ላይ አንጠልጥሎ በትንሹ ማወዛወዝና የ10 ውዝዋዜዎችን ጊዜ መያዝ ነው። የአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ ካሬ በመጠነ ቁሱ፣ በ9.8 እና ከዘንጉ እስከ ሚዛን ነጥቡ ባለው ርቀት ተባዝቶ ለ39.5 ሲካፈል (በኪሎ ግራም፣ በሜትርና በሰከንድ) ኢነርሺያው ይገኛል። የእኛ ራኬት ሚዛን ነጥብ ከዘንጉ 22 ሳ.ሜ. ቢርቅ 10 ውዝዋዜ 14 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። እርሳሱ በጫፉ ከተለጠፈ በኋላ ጊዜው የሚጨምረው በ0.1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የሚዛን ነጥቡም አብሮ ስለሚርቅ ሁለቱ ለውጦች ይጣፋሉ። እንግዲህ ሰዓት ብቻውን አይበቃም፤ ሚዛንና ማስመሪያም አብረው ይያዙ።