የንብረት ታክሱ ለሰላማችን ምን ያህል ይመድባል?

ለገጣፎ ውስጥ ወር በጠባ ቁጥር በየሰፈሩ የሚዞር ደብተር አለ። የሌሊት ዘበኞችን ደመወዝ የሚሰበስበው ኮሚቴ በር ያንኳኳል፤ አንዱ ከፍሎ ይፈርማል፣ ሌላው «ነገ ተመለሱ» ይላል፣ ጨርሶ የማይከፍትም አለ። ዘበኛው ግን ሌሊት ሲዞር የከፈለውን ካልከፈለው አይለይም።

የመዋጮ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥበቃው አንዴ ከቆመ ያልከፈለውን ከጥቅሙ ማስወጣት ስለማይቻል ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል፣ መዋጮውም እየሳሳ ይሄዳል። አቅም ያለው አጥሩን ከፍ አድርጎ የጠርሙስ ስባሪ ያስተክላል፤ ሌባው ወደ ጎረቤት ያልፋል። እሳት ሲነሳ ደግሞ መዋጮ ከነጭራሹ አያዋጣም። የእሳት አደጋ መኪና ገዝቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሌት ተቀን በተጠንቀቅ ማቆየት የአንድ ሰፈር አቅም አይደለም። ይህ በግብር የሚሸፈን ወጪ ነው።

የግብሩ ሕግ ወጥቷል። ሕገ መንግሥቱ የንብረት ታክስን ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ ስላልደነገገ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በ2015 በጋራ ተሰብስበው በአንቀጽ 99 መሠረት ሥልጣኑን ለክልሎች ሰጡ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጁን አጸደቀ። ከዚያ በፊት የቤትና የቦታ ግብር መሠረቱ የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። በአዲሱ አዋጅ ታክሱ የሚሰላው በንብረቱ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ነው፤ መጣኔው ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት ይዞታ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። ሕንፃው 8 ሚሊዮን ብር ቢገመት ታክሱ የሚሰላው በ2 ሚሊዮኑ ላይ ይሆናል፤ ባለቤቱ ለሕንፃው ብቻ በዓመት ከ2,000 እስከ 20,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው።

በ2,000 እና በ20,000 መካከል ያለውን ልዩነት ማን ይወስናል? በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት አንድ ከተማ ለፖሊስ ወይም ለእሳት አደጋ አገልግሎት በሕግ ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ የንብረት ታክስ ሲፈልግ ነዋሪውን በምርጫ ያስወስናል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ መጣኔው ስንት እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይዘረዝራል። ታክሱ በዓመታት ከተገደበ ጊዜው ሲያልቅ ከተማው ተመልሶ መጠየቅ አለበት፤ ፖሊስ ካልደረሰለት ነዋሪው «አይ» ማለት ይችላል።

እኛ ዘንድ በግብር ላይ የሚወስነው ምክር ቤት ነው፤ ነዋሪው በቀጥታ ድምፅ አይሰጥም። ይሁንና እነዚያን ሦስት ነገሮች በጽሑፍ አስቀምጦ ለሕዝብ ውይይት ማቅረብን የሚከለክል የለም። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር መጠቃለላቸውም አንድ ዕድል ይሰጣል፤ ከሪል እስቴት መንደሮች የሚሰበሰበው ታክስ መብራት ለሌለው ሰፈርም የፖሊስ ጣቢያ ሊያቆም ይችላል። ገንዘቡ ወደ ጥቅል በጀት ገብቶ ከጠፋ ግን ነዋሪው ለአንድ ሌሊት ሰላም ሁለቴ ይከፍላል።

ከሁሉ በፊት የይዞታ ዋስትና ይቀድማል። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ ብዙ ቤቶች ሕገወጥ ተብለው ፈርሰዋል። ነገ ይፈርስብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ቤቱን ለግምት በፈቃዱ አያስመዘግብም፤ ያልተመዘገበ ቤት ደግሞ ታክስ አያስገባም። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያና የከተማው አስተዳደር ታክስ የሚከፈልበት ቤት ካርታ የሚያገኝበትን መንገድ ያስቀድሙ። የፖሊስና የእሳት አደጋ ድርሻም በታክስ ማስታወቂያው ላይ በብር ተጽፎ ይቅረብ፤ ወጪው በየዓመቱ ለነዋሪው በይፋ ይገለጽ፤ መጣኔውም ያለ አዲስ ውይይት አይጨመር።