የቤት እንሽላሊት፦ በቆላ አካባቢ በመኖሪያ ቤትና በእህል መጋዘን ስለሚደረግ ጥንቃቄ

መግቢያ

በአዋሽ ሸለቆ፣ በጋምቤላ፣ በድሬዳዋና በመሳሰሉት ሞቃት ቦታዎች ሲመሽ ከጣሪያ ሥር ወጥታ በግድግዳ ላይ የምትሮጠውን ትንሽ እንሽላሊት የማያውቅ ቤተሰብ አይገኝም። ብዙ ሰው ግን ይፈራታል። ወጥ ውስጥ ከወደቀች ትመርዛለች ይባላል። እርሷን ለማጥፋት ሲባልም ለሰብል ተባይ የተገዛ መድኃኒት በመኝታ ቤት የሚረጭበት ጊዜ አለ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የትኛው ነገር ጎጂ፣ የትኛው ጠቃሚ እንደሆነ ለይተው ለገበሬው እንዲያስረዱ ነው።

1. የእንሽላሊቷ ጠባይ

የቤት እንሽላሊት በብዛት የምትንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። በጣሪያ ላይ ተገልብጣ ሳትወድቅ የምትሄደው ከጣቶቿ ሥር ባሉት በዓይን በማይታዩ እጅግ ቀጫጭን ፀጉሮች አማካይነት ነው። ጠላት ሲይዛት ጅራቷን ጥላ ታመልጣለች፤ ጅራቱም መልሶ ያድጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት እንቁላል በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች።

ምግቧ የእሳት ራት፣ ዝንብ፣ ትንኝ፣ በረሮ፣ ሸረሪትና ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። እህል አትበላም፤ ጆንያም አትቀድም። በቀን በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ገበሎም ዋና ምግቡ ነፍሳት ነው። ከዚህ ወገን ለገበሬው ኪሳራ የሚያመጣው አርጃኖ ነው፤ ይኸውም የዶሮ እንቁላልና ጫጩት ስለሚበላ ነው። ለእርሱ መፍትሔው የዶሮውን ቤት አጥብቆ መዝጋት ነው።

2. መርዝ አላት ወይ?

የቤት እንሽላሊት መርዝ የላትም። ትልልቆቹ ሲይዟቸው ቢነክሱም ንክሻቸው ቆዳ ከመጫር አያልፍም። ይሁን እንጂ ምንም ጉዳት የላትም ማለታችን አይደለም። በኩሷ ውስጥ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያስከትል ሳልሞኔላ የተባለ ተዋሲያን ሊገኝ ይችላል። ይህ በሽታ ይበልጥ የሚበረታው በሕፃናት፣ በሽማግሌዎችና በታመሙ ሰዎች ላይ ነው። እንግዲህ ወተት ወይም ወጥ ውስጥ ብትወድቅ ምግቡን መድፋት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን ጀርሙ እንጂ መርዝ አይደለም።

3. የሚበልጠው አደጋ

ማላታይንና የመሳሰሉት መድኃኒቶች የነርቭን ሥራ የሚያውኩ ናቸው። እንሽላሊቷን ብቻ መርጠው አይገድሉም፤ በመሶቡ፣ በእንስራውና በሕፃኑ መኝታ ላይም ያርፋሉ። ዶሮና ድመት በመድኃኒት የሞተውን ነፍሳትና እንሽላሊት ሲለቅሙ ሊመረዙ ይችላሉ። ለነቀዝ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን ደግሞ የባሰ ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ በዚያው ጣሪያ ሥር የተኙትን ሰዎች ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም።

ለወባ መከላከያ በሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች የሚካሄደው ርጭት ከዚህ የተለየ ስለሆነ ሊቋረጥ አይገባም። እንሽላሊት ትንኝ ትበላለች ተብሎም አጎበር መተው አይገባም፤ የምትይዘው ጥቂቱን ብቻ ነውና።

4. በመኖሪያ ቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

ሀ) ምግብ፣ ወተትና የመጠጥ ውኃ ዘወትር መክደን።
ለ) ሰሐንና ብርጭቆ ደፍቶ ማስቀመጥ፤ ከመጠቀም በፊትም ማጠብ።
ሐ) ኩሷን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳትና እጅን በሳሙና መታጠብ።
መ) ከምድጃውና ከምግብ ማስቀመጫው በላይ ያለውን ስንጥቅ በጭቃ መድፈን።
ሠ) መብራት ነፍሳትን ስለሚስብ ከምግብ ማቅረቢያው ራቅ አድርጎ መስቀል። ነፍሳቱ ወደሚሄዱበት እንሽላሊቷም ትሄዳለች።

5. በማኅበራት መጋዘን

በመጋዘን ኩስ ሲታይ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የእንሽላሊት ኩስ ጥቁር ሆኖ በአንድ ጫፉ ነጭ ነጥብ አለው፤ የአይጥ ኩስ ግን ነጭ የለውም። የአይጥ ከሆነ እህሉ እየተበላ ስለሆነ ቶሎ መከላከል ይገባል።

የእንሽላሊቶች ቁጥር በመጋዘኑ ውስጥ በድንገት ሲበዛ እንደ ምልክት መቁጠር ይጠቅማል፤ የሚበሉት የእሳት ራት በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላልና። በዚህ ጊዜ ከየአቅጣጫው ጥቂት ጆንያ ከፍቶ እህሉ መበሳቱንና መሞቁን መመርመር ነው። እንሽላሊቶቹን መግደል ምልክቱን ማጥፋት ይሆናል እንጂ ተባዩን አያጠፋም። ነቀዝን ግን እንሽላሊት ታጠፋዋለች ብሎ መተማመን አይገባም። የነቀዝ ትል የሚያድገው በእህሉ ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ስለሆነ አታገኘውም። እህሉን አድርቆ ማስገባት፣ ጆንያውን ከግድግዳ አርቆ በርብራብ ላይ መደርደርና ወለሉን መጥረግ አሁንም ዋናው ሥራ ነው።

ማሳሰቢያ

የልማት ሠራተኛው በየቤቱ ሲዞር የሰብል መድኃኒት የት እንደተቀመጠ ይጠይቅ። በለስላሳ ጠርሙስ የተገለበጠ ካለ ሕፃናት ይጠጡታልና በአስቸኳይ እንዲነሳ ያድርግ። መድኃኒቱ ከነምልክት ወረቀቱ፣ በሚቆለፍ ቦታ፣ ከምግብና ከመኝታ ርቆ ይቀመጥ። የተመረዘ ሰው ሲያጋጥም ዕቃውን ከነወረቀቱ ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ለእንሽላሊቷ ክዳንና ጭቃ ይበቃታል።