ቱምባጋ፦ ወርቁ ከራሱ የሚወጣ ቅይጥ

በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የሚገኘው የወርቅ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1939 ሲመሠረት መነሻ የሆነው የአንድ ዕቃ ግዢ ነው፤ ፖፖሮ ኪምባያ። ከኮካ ቅጠል ጋር የሚታኘክ የኖራ ዱቄት መያዣ ሲሆን ክብደቱ 777 ግራም ገደማ ነው። ላዩን ላየው ጥሩ ወርቅ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ቱምባጋ ከሚባለው የወርቅና የመዳብ ቅይጥ ነው።

የጥንት አሜሪካ አንጥረኞች መዳብ የሚጨምሩት በምክንያት ነው። ንጹሕ ወርቅ ልል ነው፤ መዳብ ያጠነክረዋል። ወርቅ በ1064፣ መዳብ በ1085 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጡ፣ በተስማሚ መጠን የተቀላቀሉት ግን ከ1000 በታች ይቀልጣሉ። በአፉ ቧንቧ እየነፋ ከሰል ለሚያግል ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

መዳብ የበዛበት ቅይጥ ግን ቀይ ነው። ታዲያ ወርቃማው መልክ ከየት መጣ? አንጥረኛው ዕቃውን እሳት ውስጥ ያግለዋል፤ ከላይ ያለው መዳብ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይጠቁራል። ጥቁሩን ቅርፊት በኮምጣጣ የተክል ጭማቂ ያጥበዋል። ወርቁን እሳቱም ጭማቂው አይነካውም። ሥራው ሲደጋገም ላይኛው ገጽ መዳቡን ያጣል፤ ስፖንጅ መስሎ ፈዝዞ የቀረው ወርቅ በለስላሳ ድንጋይ ሲታሽ ይጠብቅና ያበራል። ከውጭ የተለበጠ አንዳች ነገር የለም።

ኮሎምበስ ወደ ስፔን የላከው ጓኒን የተባለ ተመሳሳይ ቅይጥ ሲመረመር ከ32 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ 6ቱ ብር፣ 8ቱ መዳብ ሆኖ ተገኘ። ለስፔናውያን የወረደ ወርቅ ነበር፤ የካሪቢያን ታይኖዎች ግን ለቀይ መልኩና ለሽታው ሲሉ ከንጹሕ ወርቅ አስበልጠው ይወዱት ነበር። የአንዲስን ብረታ ብረት ያጠኑት ሄዘር ሌክትማንም ላዩን ወርቃማ የማድረጉን ጥበብ ማጭበርበር አይሉትም፤ ለእነዚያ ሕዝቦች ላይ የሚታየው ውስጥም መኖር ነበረበት ይላሉ።

ተመራማሪም ላዩ ከውስጡ ይልቅ ወርቅ የበዛበት መሆኑን ካላወቀ ይሳሳታል። የተለመደው የኤክስሬይ መሣሪያ የሚያነበው ላይኛውን ስስ ገጽ ስለሆነ የወርቁን መጠን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል። ዕቃውን እናጥራ ብሎ የሚፈትግ ሰው ጥፋት ደግሞ ይብሳል፤ አንጥረኛው በእሳትና በጭማቂ ያወጣው ገጽ አንዴ ከተፋቀ የጥበቡ ዋና ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።