ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ጸረ-ቫይረስ በምን ይመረጣል?

የቤት ኮምፒውተር ከመዝናኛነት አልፎ የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ የትምህርት ማስረጃዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የባንክ አገልግሎት የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበት መዝገብ ቤት ከሆነ ሰንብቷል፡፡ ይህን ንብረት ከቫይረስና ከመረጃ ዘራፊዎች ለመጠበቅ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች በርካታ በመሆናቸውም የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ተጠቃሚዎችን ሁሌም ያነጋግራል፡፡ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ በሶፍትዌሩ ስም ብቻ የሚወሰን አይደለም፡፡ ኮምፒውተሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ፣ በተለይም የኢንተርኔት ግንኙነቱ ቋሚ መሆን አለመሆኑ በምርጫው ላይ ከፍተኛ ድርሻ አለው፡፡

የአይቢኤም የግል ኮምፒውተሮችን ያጠቃ የመጀመሪያው ቫይረስ ተብሎ የሚታወቀው «ብሬይን» እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ በሁለት ወንድማማቾች የተሠራ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በፍሎፒ ዲስክ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ የቫይረሶች ቁጥርና ዓይነት እየበዛ በመሄዱ የመከላከያ ስልቱም አብሮ ተለውጧል፡፡

በአሁኑ ወቅት ጸረ-ቫይረሶች በዋናነት በሦስት መንገዶች ይሠራሉ፡፡ የመጀመሪያው ቀደም ሲል የታወቁ ቫይረሶችን መለያ በመዝገብ ይዞ እያንዳንዱን ፋይል ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው፡፡ ሁለተኛው የፕሮግራሞችን ባህርይ መከታተል ሲሆን፣ አንድ ፕሮግራም በአጭር ጊዜ ውስጥ በርካታ ሰነዶችን መቆለፍ ቢጀምር በመዝገቡ ባይኖርም እንኳ እንዲቆም ያደርጋል፡፡ ሦስተኛው ደግሞ አጠራጣሪ ፋይል ሲያጋጥም በኢንተርኔት አማካይነት ከአምራቹ ማዕከል መረጃ ጠይቆ ውሳኔ መስጠት ነው፡፡ የሦስቱ ድርሻ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው የሚለያይ በመሆኑ የምርቶቹ ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው፡፡

ምርቶቹን በማወዳደር ከሚታወቁ ገለልተኛ ተቋማት መካከል በጀርመን ማግድቡርግ ከተማ የሚገኘው ኤቪ-ቴስትና በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ከተማ የሚገኘው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ይጠቀሳሉ፡፡ ኤቪ-ቴስት ለእያንዳንዱ ምርት በመከላከል ብቃት፣ በኮምፒውተሩ ፍጥነት ላይ በሚያሳድረው ጫናና በአጠቃቀም አመቺነት እስከ 6፣ በድምሩ እስከ 18 ነጥብ ይሰጣል፡፡ በአመቺነት ሥር የሚታየው ጸረ-ቫይረሱ ጤነኛውን ፋይል በስህተት ቫይረስ ነው ብሎ የሚያስጠነቅቅበት አጋጣሚ ነው፡፡ ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም በሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የተሰላቸ ተጠቃሚ እውነተኛውንም ችላ ማለት ስለሚጀምር ክብደት ሊሰጠው ይገባል፡፡

የነዚህ ተቋማት ውጤቶች የሚያሳዩት ዋና ነገር በታወቁት ምርቶች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት ጠባብ መሆኑን ነው፡፡ በመሆኑም የአንድ ወር ደረጃን ብቻ ይዞ ከመወሰን ይልቅ አንድ ምርት በተከታታይ ፈተናዎች ያሳየውን አቋም መመልከት ይሻላል፡፡

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 «ሴኪዩሪቲ ኢሴንሺያልስ» የተሰኘ ነጻ ጸረ-ቫይረስ ያቀረበ ሲሆን፣ በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ጸረ-ቫይረሱ «ዲፌንደር» በሚል ስም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፡፡ ይህ የማይክሮሶፍት ምርት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፈተናዎች ዝቅተኛ ውጤት ሲያገኝ ቢቆይም ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ ከከፍተኛዎቹ ተርታ በተደጋጋሚ ለመሰለፍ በቅቷል፡፡ ከዚህም የተነሳ ኢንተርኔት ሳይቋረጥ ለሚያገኝና ጥንቃቄ ለሚያደርግ ተጠቃሚ ተጨማሪ ሶፍትዌር መግዛት ግዴታ አይሆንም፡፡

ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያገኝ ኮምፒውተር ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፡፡ ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ምርቶቹ ኢንተርኔት ሲኖርና ሳይኖር ቫይረስ የመለየት አቅማቸውን ለየብቻ የሚያሳይ ፈተና ያካሂዳል፡፡ በዚህ ፈተና ዲፌንደር ከአምራቹ ማዕከል ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ የመለየት አቅሙ በጉልህ ሲቀንስ የታየባቸው ዙሮች አሉ፤ በአንጻሩ እንደ ቢትዲፌንደር ያሉ ምርቶች ያለ ኢንተርኔትም ከፍተኛ ውጤት አስመዝግበዋል፡፡ ስለሆነም በሞባይል ዳታ በየተወሰኑ ቀናት ብቻ ለሚገናኝ ቤተሰብ በሠንጠረዡ ላይ በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው ያለ ኢንተርኔት የተመዘገበው ውጤት ነው፡፡

ይህ በተለይ በኢትዮጵያ ላሉ ተጠቃሚዎች ትርጉም አለው፡፡ በኢንተርኔት ካፌዎች፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች እንዲሁም በትምህርት ቤቶች ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፈው በአብዛኛው በፍላሽ ዲስክ በመሆኑ ቫይረሱም በዚያው መንገድ ይጓዛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ብቅ ያለውና በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያጠቃው «ኮንፊከር» ከተሠራጨባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ዲስክ ነበር፡፡ ፍላሽ ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት በጸረ-ቫይረስ ማስፈተሽ ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ዓይነተኛ መከላከያ ነው፡፡ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተርም ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን አዲስ የቫይረስ መዝገብ ራሱን በቻለ ፋይል ስለሚያቀርብ ከሌላ ቦታ አውርዶ፣ ንጽሕናው በተረጋገጠ ፍላሽ ዲስክ አምጥቶ መጫን ይቻላል፡፡

ገንዘብ የሚከፈልባቸው ምርቶች ከነጻዎቹ የሚለዩት ብዙውን ጊዜ በቫይረስ መለያው ሳይሆን በተጨማሪ አገልግሎቶቻቸው ነው፡፡ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ የልጆች የኢንተርኔት አጠቃቀም መቆጣጠሪያና ቪፒኤን ከነዚህ መካከል ይገኙበታል፡፡ ገበያው ብዙ ምርጫ ያለው ቢመስልም ኖርተን፣ አቫስት፣ ኤቪጂና አቪራ ዛሬ በአንድ ኩባንያ፣ ማለትም በጄን ዲጂታል ሥር የሚገኙ መሆናቸውም መታወቅ ይኖርበታል፡፡

ጸረ-ቫይረስ እያንዳንዱን ፋይል የማየት ሥልጣን የሚሰጠው ሶፍትዌር በመሆኑ የአምራቹ ተዓማኒነት ሌላው መመዘኛ ነው፡፡ አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አጠቃቀም መረጃ በእህት ኩባንያው በኩል ለሌሎች በመሸጡ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የ16 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ እንዲፈጽም አድርጓል፡፡ በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የብሔራዊ ደህንነት ስጋትን በምክንያትነት በመጥቀስ የሩሲያው ካስፐርስኪ ምርቶች በአገሩ እንዳይሸጡ ያገደ ሲሆን፣ ኩባንያው የቀረበበትን ስጋት አስተባብሏል፡፡

በተጠቃሚዎች ዘንድ በብዛት የሚስተዋለው ስህተት ሁለት ጸረ-ቫይረሶችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ማሠራት ነው፡፡ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ እያደናቀፈ ኮምፒውተሩን ያዘገዩታል እንጂ ጥበቃውን እጥፍ አያደርጉትም፡፡ ከዚህ የከፋው ያለ ፈቃድ የተባዛ ወይም በ«ክራክ» የተከፈተ ጸረ-ቫይረስ መጫን ነው፡፡ ክራክ የሚባለው ፋይል ራሱ ቫይረስ ተሸክሞ ሊመጣ የሚችል ከመሆኑም በላይ እንዲሠራ ጸረ-ቫይረሱን ማጥፋት የሚጠይቅበት ጊዜ ስላለ ሌባን በር ከፍቶ እንደማስገባት ይቆጠራል፡፡ የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት ምርትም አዳዲስ ቫይረሶችን ስለማያውቅ አድሶ መጠቀም ወይም አጥፍቶ ወደ ዲፌንደር መመለስ ያስፈልጋል፡፡

የትኛውም ጸረ-ቫይረስ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ካሳዩ ክስተቶች መካከል እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 የተነሳው «ዋናክራይ» የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ አንዱ ነው፡፡ ቫይረሱ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ሰነድ በመቆለፍ ለመክፈቻው ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሥራ ሳይቀር አስተጓጉሏል፡፡ ይሁንና ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት በወቅቱ ድጋፍ ይሰጣቸው ለነበሩ የዊንዶውስ ዓይነቶች ያሠራጨው ከሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ነበር፡፡ ከተጎዱት ብዙዎቹ ማሻሻያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው፡፡ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ ይህን ሲስተም የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ከጸረ-ቫይረስ ምርጫ በፊት ሊያስቡበት የሚገባው ይህንኑ ጉዳይ ነው፡፡

በቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተቆለፈ ሰነድ ገንዘቡ ቢከፈል እንኳ ስለመመለሱ ዋስትና የለም፡፡ ቫይረሱን ከተቆለፈ በኋላ የሚያጠፋ ጸረ-ቫይረስም በአብዛኛው ሰነዱን መልሶ ሊከፍተው አይችልም፡፡ የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የልጆች ፎቶግራፍ የሚተርፈው ቅጂው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀድሞ ከተያዘ ነው፡፡

በጥቅሉ የቤት ኮምፒውተርን ለመጠበቅ ሲስተሙን በየጊዜው ማሻሻልና የጠቃሚ ሰነዶችን ቅጂ ለብቻ መያዝ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛሉ፡፡ ጸረ-ቫይረስ የሚመረጠው ከነዚህ ቀጥሎ ሲሆን፣ ኢንተርኔት ለማይቋረጥበት ቤት ዲፌንደር፣ ግንኙነቱ ለሚቆራረጥበት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ጥሩ ውጤት ያስመዘገበ ሕጋዊ ምርት ተመራጭ ይሆናል፡፡