ደላሎቹ ጮክ ብለው የማይነግሩዎት

ደሴ ላይ ከደላንታ የወረደ ኦፓል ሲያገበያዩ የሚውሉት ሰዎች፣ ደንበኛው የገባው መስሎ ከታያቸው፣ ከኪሳቸው ሌላ ቋጠሮ ይፈታሉ። ከሰሜን ሸዋዋ ዓለም ከተማ የመጣ አምበር ነው፤ በዘመናት ብዛት የጠጠረ የዛፍ ሙጫ፣ ማር የመሰለ፣ በእጅ ሲይዙት ቀለል የሚል። ከዋጋው በፊት ዕድሜው ይጠራል፦ «95 ሚሊዮን ዓመት!»

እዚህ ላይ ጠጋ ይበሉ።

ቁጥሩ የደላላ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሌክሳንደር ሽሚት የመራው ቡድን ይህን የሰሜን ሸዋ አምበር አጥንቶ የዳይኖሰር ዘመን ነው ብሎ አሳተመ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2018 ግን ከዚያው ጥናት ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ቪንሰንት ፔሪሾ ከባልደረቦቹ ጋር ጉዳዩን እንደገና አይቶ ዕድሜውን ወደ 16–23 ሚሊዮን ዓመት አወረደው። ይህኛው ዜና ደሴ አልደረሰም፤ ደርሶም ከሆነ የሚያወራው የለም። የሚያስቀው ደግሞ አጠገቡ የተዘረጋውን ኦፓል ያቀፈው የደላንታ የእሳተ ገሞራ አመድ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ መሆኑ ነው። ሽማግሌ ተብሎ የሚሸጠው አምበር ታናሽ ወጣ።

እኔን ከጠየቁኝ፣ የዕድሜው መውረድ ምንም አላጎደለበትም። ቁም ነገሩ ሙጫው ገና ሳይጠጥር ተጣብቃ ውስጡ የቀረችው ተርብ ናት። በ2010ሩ ጥናት ከቀረቡት ነፍሳት መካከል ሚማሮማቲድ ከሚባለው ወገን የሆነች አለች፤ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ፣ የፊት ክንፏ ዳር በረጃጅም ፀጉር የተከበበ፣ የኋላ ክንፏ ከነጭራሹ የመነመነ። የዚህ ወገን ዛሬ በሕይወት ያሉ ዝርያዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ዘራቸውን የት እንደሚያሳድጉ እንኳ የታወቀው በ2022 ነው፤ ሃዋይ ላይ፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት እንቁላል ውስጥ ሲያድጉ ተገኙ።

ታዲያ ኦፓል የለመደ እጅ እንዲህ ያለችን ተርብ ምን ያደርጋታል? «ቆሻሻ አለው» ብሎ ይሞርዳታል! ኦፓል ላይ ነጥብ ጉድለት ነው፤ አምበር ላይ ግን ነጥቡ ራሱ ሀብቱ ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው መሃሉ ላይ ትልቅ ንብ ክንፏን ዘርግታ የተቀመጠችበት ጥርት ያለ ቁራጭ ካሳዩዎት ይጠርጥሩ። የጋለ መርፌ ያስነኩት፤ ፕላስቲክ ከሆነ ሽታው ያጋልጠዋል፣ የዛፍ ሙጫ ከሆነ እጣን እጣን ይላል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ የቅርብ ጊዜ ሙጫም እጣን ይሸታል። አልኮል ጠብ አድርገው በጣትዎ ይንኩት፤ ከተጣበቀ ገና ጥሬ ነው። ጨው በደንብ የሟሟበት ውሃ ላይም አምበር ይንሳፈፋል፤ ቤክላይት የሚባለው ፕላስቲክ ግን ይሰምጣል። (ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሰኞ ገበያ የሚወርዱ ካሉ ይህችን የጨው ውሃ ባይረሷት ጥሩ ነው። በአፍሪካ ገበያዎች «አምበር» ከሚባለው ትልልቅ ቢጫ ዶቃ ብዙው የአውሮፓ ፋብሪካ የሠራው እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ነው።)

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እሱም በጆሮዎ። ነፍሳት ያለበት ቁራጭ ቅሪተ አካል ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስጠይቃል። ሻጩ ተርቧን ሲያዩ ድምፁን ዝቅ ካደረገ፣ ይህን እሱም ያውቃል ማለት ነው።