ጽ/ቤት የፋይል ስም ሲሆን

የሶፍትዌር መመሪያ ስናዘጋጅ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ስም እናወጣለን። አንደኛው ሰው የሚያነበው ርዕስ ነው፤ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ክፍሉን የሚያገኝበት የፋይል ወይም የሊንክ ስም። ችግር የሚመጣው ሁለቱን አንድ ስናደርጋቸው ነው።

ጨንቻ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ እየጻፍን ነው እንበል። አንዱን ክፍል «የጨንቻ ጤና ጽ/ቤት» ብለን በዚሁ ስም ሴቭ ልናደርገው ስንል ዊንዶውስ እምቢ ይላል። በፋይል ስም ውስጥ የማይፈቅዳቸው 9 ምልክቶች አሉ፤ እዝባር አንዷ ናት። በድረ ገጽ አድራሻ ላይም እዝባር ፎልደርን ከፎልደር ትለያለች። የእኛ ጽሑፍ ደግሞ በእዝባር የተሞላ ነው፦ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ 12/03/2016። ለፋይሉ ቃሉን ዘርዝሮ መጻፍ፣ ቀኑንም 2016-03-12 ማለት ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ።

ፊደሉስ? «ጨንቻ» 3 ፊደል ብቻ ነው። በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ አንዱ ባይት ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይተካል። ሦስቱ ፊደላት 27 ቁምፊ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ማንም አንብቦ አይረዳቸውም።

በላቲን ስንጽፈው ደግሞ ጨም ቻም በ«ሲ ኤች» ይጀምራሉ። ልዩነቱን ለማሳየት አንዳንዱ ከጨ ቀጥሎ ጭረት ከላይ ይጨምራል። ጭረቷ ግን ቀጥ ያለችም ጎበጥ ያለችም አለች፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ሊንኩ የሚሠራው በአንደኛዋ ብቻ ይሆናል። ዩኒኮድ ለፊደላት መጠሪያ ሲያወጣ ይህን መንገድ ዘግቶታል። የሚቀበለው የላቲን ትልልቅ ፊደላትን፣ ቁጥርን፣ ክፍት ቦታንና አጭር ሰረዝን ብቻ ነው። ስለዚህ ቸን «ሲ ኤ»፣ ጨን «ሲ ኤች ኤ» ብሎ ለያቸው፤ አንዴ የወጣ መጠሪያም አይለወጥም። በ2010 እ.ኤ.አ. ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ የሚያገለግሉ የግዕዝ ፊደላት ሲጨመሩም ደንቡ ይኸው ነበር።

እኔ የምመክረው ርዕሱ በሙሉ ፊደሉ፣ እዝባሩም ሳይቀነስ በአማርኛ እንዲጻፍ ነው፤ ለማሽን ተብሎ ርዕስ መጉደል የለበትም። የፋይሉ ስም ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በቁጥርና በአጭር ሰረዝ ይወሰን። የቦታ ስሞች የላቲን አጻጻፍም መጀመሪያውኑ በአንድ ሰንጠረዥ ይያዝ። «መስሪያ ቤት» ብለን የጻፍነውን ነገ «መሥሪያ ቤት» ብለን ብናርም ርዕሱ ብቻ ይቀየር፤ ሌሎች ክፍሎች የሚጠሩት በፋይሉ ስም ነውና እሱ አይነካ።